በወንድሟ አፍ

ነቀምቴ ነው። ወባ ሳይሆንብኝ አይቀርም ብዬ ደሜን ሰጥቼ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ውጤት እጠብቃለሁ። አንድ ጎረምሳ ታናሽ እህቱን ይዞ መጣ። ልጅቷ ሃያ ቢሞላት ነው፤ መስማት የተሳናት ናት። ሲስተሯ ቀና አለችና ወንድምየውን በኦሮምኛ፣

"ምን ሆና ነው?" አለችው።

"ሆዷን እያሳየች ታለቅሳለች፣ ሲስተር።"

"የወር አበባዋ መጥቷል?"

አንገቱን ደፋ። አግዳሚው ላይ የተቀመጥን ሁሉ ደፋን። ያልሰማችው ባለጉዳይዋ ብቻ ናት።

ሲስተሯን ልወቅስ አይደለም። የምልክት ቋንቋ ያስተማራት የለም፤ ወረፋውም ረጅም ነው። የከነከነኝ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ "ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት" የሚል የተለጠፈበት ክፍል ነው። ወንድምየው ብቻውን እዚያ ቢገባ፣ ስለ ኮንዶም ቢጠይቅ፣ ምስጢሩ ምስጢር ነው። እህቱ ግን የምትገባው በወንድሟ አፍ ነው። ለመሆኑ የምትወደው ልጅ ቢኖርስ? የደፈራት ቢኖርስ? ደፋሪው ራሱ አስተርጓሚ ሆኖ የሚመጣበት ቀን የለም ያለው ማን ነው?

እኛ እኮ ጉደኞች ነን! ለአካል ጉዳተኛ ስንመጸውት እጃችን ፍቱን ነው፤ ፍቅረኛ ያዘ ሲባል ግን እንስቃለን። ማየት የተሳናት ወጣት አርግዛ ካየንማ "ማነው እንዲህ የጨከነባት?" እንላለን። ወዳ ይሆናል የሚል የለም።

ወረቀቱማ ሞልቷል። አገራችን በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25 የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ሌላው ሰው በሚያገኘው ዓይነትና ጥራት ይሰጣቸው ይላል። የሚወልዱትን ልጅ ቁጥር ራሳቸው ይወስኑ የሚለው ደግሞ አንቀጽ 23 ነው። ከዚያ በፊትም በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551፣ ጽንስ ማቋረጥ ከማያስቀጣባቸው ሁኔታዎች መካከል በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ አለመቻልን ጠቅሷል። በሩ መከፈቱን አልነቅፍም። ግን ከማርገዟ በፊት ማን አነጋገራት? መጀመሪያ የምናስታውሳት ጽንስ ስታቋርጥ መሆን አለበት?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስትመጡ ባኮ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ብሬል የሚያነብ ወጣት በዚህ መንገድ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ስለ ወሊድ መከላከያ እስከ ዛሬ እጄ የገባ በራሪ ወረቀት ሁሉ ግን ለሚያይ ሰው የታተመ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ከተመራቂዎቹ አንዱን ለአንድ ከተማ መቅጠር ይህን ያህል ገንዘብ ያስወጣል? ደግሞስ ፊደል ለቆጠረች ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ማቀበል ምን በጀት ይጠይቃል?

የእኔ ውጤት መጣ፤ ወባ ነው። ተነስቼ ስወጣ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳች። ሲስተሯ "አይ፣ የምጽፍበት ነው" ብላ ተቀበለቻትና ወደ ወንድምየው ዞረች።