የካርዷ ውለታ

ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ከአንድ መደርደሪያ አያገኝም። «በራላም ወይዋሰፍ»ን እንውሰድ። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ይህ መጽሐፍ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩ በዐረብኛ፣ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች ተመላልሶ የክርስቲያን ገድል ሆነ። በዴዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ግን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ 892.8 ላይ፣ የቡድሃ እምነት 294.3 ላይ፣ የግሪኩ ደግሞ በ880ዎቹ ውስጥ ነው። የአንድ ቤት ልጆች በየፎቁ ተበትነዋል።

እነዚህን ያገናኘችልኝ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የእንጨት መሳቢያ ውስጥ ያገኘኋት ካርድ ናት። ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም። ከግርጌዋ ብረት የሚያልፍባት ቀዳዳ አላት፤ ጠርዟ በስንቱ ተማሪ ጣት ወይቧል። ከታች፣ በታይፕ ራይተር፣ «ይህንም ይመልከቱ» ትላለች። በእሷ መሪነት ምሁሩ ዋሊስ በጅ በ1923 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የመጽሐፉን የግእዝ ጽሑፍና የእንግሊዝኛ ትርጉም አገኘሁ።

ያችን መስመር የጻፈ ባለሙያ ይዋሰፍ፣ ዮአሳፍና ዮሳፋት ስሙ በየቋንቋው የተለያየ አንድ ባለታሪክ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም! ኮምፒዩተሩም ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ስሞቹን ካላዛመደለት የጻፍንለትን ፊደል ብቻ ይፈልጋል፤ ይዋሰፍን የጠየቀ ተማሪ ዮሳፋትን ሳያገኝ ይመለሳል። የዚያ ባለሙያ ስም ግን የትም አልሰፈረም። ካርዷን ወደ ቦታዋ ስመልስ ብረቱን አጥብቄ አሰርኩላት።