በሁለት ወንፊት ያለፈ ቅንጬ

የሴት ሙያ ሲመዘን በጎንደርም ሆነ በሌላው አገር ሚዛኑ ዶሮ ወጥ ነው። 12ቱ ብልት በወጉ መውጣቱ፣ ሽንኩርቱ ሳያር መብሰሉ፣ ቅቤው ወጡ ላይ መንሳፈፉ ይታያል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከዶሮ ወጥ ይልቅ የሚከብደው ፈተና ቅንጬ ነው። ዶሮ ወጥ በርበሬ አለው፤ በርበሬ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ቅንጬ መሸሸጊያ የለውም። እህል፣ ውሃ፣ ጨውና ቅባት ነው፤ በቃ። የድስቱ ክዳን ሲነሳ ፍሬው አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ለስልሶ ግን ሳይፈርስ ከታየ የባለሙያ እጅ ነክቶታል። ተላቁጦ ማማሰያው ላይ ከተንጠለጠለ ግን ገንፎ ልሁን ብሎ ሳይሆንለት ቀርቷል።

ፍሬው ያልተያያዘውን ቅንጬ፣ ያውም ከተጠበሰ አትክልትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር፣ ያየሁት ደብረ ታቦር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበስተጀርባዋ ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ይነሳል፤ ከግርጌው ገብስና ድንች ይወርዳል። ወደ ወረታ ቁልቁል ሲሄዱ ደግሞ የፎገራ ሜዳ አለ፤ ሩዙ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የርብንና የጉማራን ውሃ ጠጥቶ የሚያድግበት። የደጋውና የሜዳው ምርት አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል። ለዚህ ምግብ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ብዙም አያስፈልግም።

ሥራው የሚጀምረው ከምድጃው ርቆ፣ ሙቀጫው ዘንድ ነው። ገብስ ልብሱን በቀላሉ አይጥልም፤ ልጣጩ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ያድጋል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዓይነት ቶሎ ስለሚለቅ ለቆሎ ይመረጣል። ሌላው መፈተግ አለበት። ቤታቸው ቁጭ ብዬ ያየኋቸው እናት ገብሱ ላይ ውሃ እርከፍከፍ አድርገው ሸፍነው ያቆዩታል። ከዚያ እፍኝ ዘግነው ጨበጥ ያደርጉና መዳፋቸውን ይከፍታሉ። ፍሬው ከእጃቸው ላይ እየተለያየ ወርዶ መዳፋቸው ወዝ ብቻ ከቀረበት ጊዜው ደርሷል። ደረቅ ከሆነ ዘነዘናው ይሰባብረዋል፤ ከረጠበም ይላቆጣል። ሲወቅጡ ጉልበት አይጨምሩም። ዘነዘናውን ያነሱትና በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይለቁታል። ልጣጩን የሚያወልቀው ምቱ ሳይሆን ፍሬ ከፍሬ ጋር መፋተጉ ነውና።

ቀጥሎ ሰፌድ ነው። ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ሲያበጥሩት እብቁ ለነፋስ ይሄዳል፤ ሲያንገዋልሉት ጠጠሩ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ሲናር የሚባለው የአገራችን አጃ ከገብሱ መካከል አለ፤ ማሳው ላይም አብሮ ይበቅላል፣ ገበሬውም ብዙ ጊዜ አይነቅለውም። እሳቸውም አይለቅሙትም። «ጣዕም አለው» አሉኝ፤ ቀምሼ አምኛለሁ።

ወፍጮው ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው፤ እጅ ግን ይፈልጋል። ለዱቄት የሚፈጭ ሰው መጁን ይጫነዋል፤ ለሽርክት የሚፈጭ ግን መጁን ያንሸራትተዋል እንጂ አይጫነውም። ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰነጠቀ ይበቃዋል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ይህን ለወፍጮ ቤት ሰጥቶታል፤ ጥሩ ባለወፍጮ ድንጋዩን አላልቶ ጥሩ ሽርክት ያወጣል፤ ጥድፊያ የያዘው ደግሞ ግማሹን ዱቄት አድርጎ ይመልሳል።

የሙያው እምብርት ግን ወንፊት ነው፤ ብዙ ቤት የሚዘለለውም እሱ ነው። እኒያ እናት ሁለት ወንፊት ይይዛሉ። በደቃቁ ዱቄቱን ያወርዱና ለአጥሚት ያስቀምጡታል። የቀረውን በሰፊው ዓይን ያሳልፉታል፤ ያላለፈው ትልልቁ ተመልሶ ወደ ወፍጮው ይሄዳል። ለቅንጬ የሚሆነው ከላይም ከታችም ተጣርቶ መካከል ላይ የቀረው ብቻ ነው።

«እማማ፣ አንዱ ወንፊት አይበቃም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ትንሹ ሲበስል ትልቁን አይጠብቀውም» አሉ፤ እጃቸውን እንኳ አላቆሙም።

ነገሩ ይኸው ነው። ቅንጬ በሁለት መንገድ ይበላሻል፤ አንድም ዱቄቱ ሳይወጣ ቀርቶ ውሃ ውስጥ ሙጫ ሲሆን፣ አንድም ደቃቁ ሲፈርስ ትልቁ ገና ጥርስ ሲመልስ። ሁለቱንም የሚያድነው እሳት ሳይሆን ወንፊት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሙያ ሲነሳ እንግዳን ወደ ጋፋት ይወስዱታል፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነውና ተገቢ ነው። ወጥ ቤት ግን አያስገቡትም፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ያንን ባሳየሁት።

ይህን ወንፊት ሳይ ትዝ የሚለኝ የሰሜን አፍሪካው ኩስኩስ ነው። አልጄሪያ፣ ሞሪታኒያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በሌላ ነገር ብዙም ሳይስማሙ በኩስኩስ ተስማምተው በጋራ አመለከቱ፤ ዩኔስኮም በዲሴምበር 2020 (እ.ኤ.አ.) አሠራሩንና አበላሉን የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው። እዚያ ሴቶቹ ሰፊ ገበታ ላይ የዱረም ስንዴ ሻካራ ዱቄት ዘርግተው ጨው የገባበት ውሃ ያርከፈክፉበትና በመዳፋቸው ያሹታል። ዱቄቱ እየተንከባለለ ፍሬ ይሆናል። ከዚያ ይነፋል፤ ያነሰው ተመልሶ ይታሻል፣ የተለቀው ይፈረፈራል። በመጨረሻ ወጡ በሚንተከተክበት ድስት አፍ ላይ በተቀመጠ ባለቀዳዳ ዕቃ ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል፤ ወርዶ ይፍታታል፣ እንደገና ይወጣል። የሰሜን አፍሪካ ሴት ከዱቄት ተነስታ ፍሬ ትሠራለች፤ የደብረ ታቦር ሴት ከፍሬ ተነስታ ሽርክት ታወጣለች። አንዷ ከታች ወደ ላይ፣ ሌላዋ ከላይ ወደ ታች መጥተው አንድ መጠን ላይ ይገናኛሉ።

ስንዴውም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሲሰበስብ ከሁሉ ያስደነቀው የዱረም ስንዴውና የገብሱ ዓይነት ብዛት ነበር። ወደ ኩስኩሱ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በካርቶን የተደረደረው ኩስኩስ አስቀድሞ በእንፋሎት በስሎ የደረቀ ነው፤ የፈላ ውሃ አፍስሰው 5 ደቂቃ ቢከድኑት ይደርሳል። ለተቸኮለ ምሽት አልነቅፈውም። የሰጡትን ጣዕም ሁሉ ይቀበላል፤ ከራሱ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ገብስ የራሱ ጠረን አለው፤ የተጠበሰ አትክልት አጠገቡ ሲቀመጥ ሁለቱም ይናገራሉ።

አሁን ወደ እሳቱ። ሽርክቱ መጀመሪያ ደረቅ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ሽታው የቆሎ ሽታ ሲሆን ይነሳል። ከዚያ ጥቂት ቅባት ያገኘዋል። ቅባቱ እያንዳንዱን ፍሬ ስለሚያለብሰው ውሃ ሲገባ አይያያዝም። ለ1 ብርጭቆ ቅንጬ 2 ተኩል ብርጭቆ የፈላ ውሃና ጨው ይገባል፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም። እዚህ ላይ አገሩ ራሱ ጣልቃ ይገባል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢማገድበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ወረታ ላይ የሚበቃው ደቂቃ ላይ ደብረ ታቦር ሌላ ደቂቃ ይጨመራል፤ በካርቶን ላይ የተጻፈ ሰዓትም ደጋ ላይ አይታመንም። ጊዜው ሲረዝም ሰው ክዳን ያነሳል፤ ያማስላል። ፍሬው የሚፈርሰውም ያኔ ነው። እኒያ እናት ከደኑት አልከፈቱትም። እሳቱን ቀንሰው፣ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ አዘንብለው አዳመጡ፤ መንተክተኩ ቀርቶ ቀጭን ሲሲታ ሲሰማ አወረዱት። ክዳኑ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ጥቂት አሳረፉት። ጨርቁ እንፋሎቱን ስለሚጠጣ ጠብታ ተመልሶ ቅንጬው ላይ አይወድቅም።

አትክልቱ በዚህ መካከል የቆሎ ምጣድ ላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሽንኩርት አይነካውም፤ ይህ በቤቱ የማይሻር ሕግ ነው። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ አለ፤ ቲማቲም መጨረሻ ላይ ይገባል። ወንፊቱ ለእህሉ የሠራውን እዚህ ቢላዋ ይሠራል፤ ድንቹ ሁሉ አንድ ቁመት፣ ካሮቱ ከድንቹ ቀጠን ያለ። የታጠበው በጨርቅ ይደርቃል፤ ውሃ የያዘ አትክልት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ምጣዱም አይጨናነቅም። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ነው፤ አንዴ ልጨርስ ብለን እንቆልለውና በራሱ እንፋሎት ይገረጣል። እሳቸው በሁለት ዙር ጠበሱት። አንዱን ጎን አስቀምጠው እስኪቀላ አልነኩትም፤ ከዚያ አንዴ ብቻ ገለበጡት። ጨው የጨመሩት ሲወርድ ነው፤ ቀድሞ ቢገባ ውሃውን ያስለቅሰዋል።

ነጭ ሽንኩርቱ ግን የተለየ ትዕግሥት ይፈልጋል። የሀበሻው ዓይነት ፍሬው ደቃቃ፣ ልጣጩ አስቸጋሪ፣ ኃይሉ ብርቱ ነው። ከውጭ የሚመጣው ትልልቁ ለመላጥ ይመቻል፤ ለዚህ ሥራ ግን ደቃቃውን እመርጣለሁ፤ ደግሞም እዚህ መላጥ የለም። ሙሉው ራስ እንዳለ ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ይቀበራል። ረመጥ ነው፣ ፍም አይደለም፤ ፍም ካገኘው ከውጭ አርሮ ከውስጥ ጥሬ ይቀራል፤ ያረረ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ምሬቱ ድስቱን ሁሉ ይበክላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲወጣ ልጣጩ አመድና ጥቁር ነው። ከሥሩ ቆርጠው ሲጨምቁት ግን ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ ቅቤ መስሎ ይወጣል፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ጠረኑ ጥቂት ነው። ሲቆረጥ ወይም ሲወቀጥ በውስጡ ተለያይተው የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የተባለውን የሚያቃጥል ውህድ ይፈጥራሉ። ሙሉ ራሱ ከነልጣጩ ሲሞቅ ግን ያንን የሚሠራው ኢንዛይም ከመገናኘቱ በፊት በሙቀት ይሞታል፤ የሚቀረው ስኳሩ ነው። እኒያ እናት ኬሚስትሪውን አይጠሩትም፤ ሁለቱንም ጠባዩን ግን ይጠቀሙበታል። የተጠበሰውን ከቅባት ጋር ለውሰው ቅንጬው ውስጥ ያገቡታል፤ 2 ጥሬ ፍሬ ደግሞ በጨው ወቅጠው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከላይ ጣል ያደርጋሉ። ሥሩ ለስላሳ፣ ላዩ ስል ይሆናል። አንድ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ድምፅ ሲያወጣ የሰማሁት እዚያ ነው።

በመጨረሻ ጦስኝ በጣታቸው አሽተው በተኑበት። የደጋችን ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ጀርመናዊውን ቪልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል፤ ሰውየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕድሜውን በሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲሰበስብ ያሳለፈ ነው። ድንችንም በ1850ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ያስገባው እሱ እንደሆነ ይነገራል። አንድ ሳህን ላይ ሁለት ቦታ መገኘቱ ገርሞኛል።

በፍስክ ቀን ቅባቱ የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ኮረሪማውና በሶብላው ገና ከሩቅ ይጠራል። እኔ ግን የጾሙን አስበልጣለሁ። ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ቅቤው በዘይት ሲተካ ቅንጬ ብዙ ጊዜ ጎድሎት ይቀርባል፤ ሰውም ጾም ነው ብሎ ይታገሣል። ረመጥ የገባ ነጭ ሽንኩርትና ጎኑ የቀላ ድንች ያንን ክፍተት ይሞላሉ። ከቅቤው ጋር ሲሆን ሁሉም ነገር ለቅቤው ይሰግዳል፤ በዘይት ሲሆን ገብሱም፣ ካሮቱም፣ ጦስኙም በየስማቸው ይታወቃሉ።

ገበያ ላይ ታሽጎ የሚሸጠው ቅንጬ ብዙውን ጊዜ ዱቄቱ አልወጣለትም። ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ ውሃ ከመጣዳችሁ በፊት በወንፊት ንፉት፤ የሚወርደውን ለአጥሚት አስቀምጡት።