የጻፈ፣ ያስጻፈ፣ ያነበበ፦ ቅዱሳት መጻሕፍትና የምዕራብ ሸዋ ኅብረተሰብ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን አዲስ ዓለምን የቆረቆሯት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት ስትቸገር መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ኮረብታም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የደብሩ አለቃ የተሰጣቸው ማዕርግ ግን ልብ ሊባል ይገባል። «ንቡረ እድ» ተባሉ፤ ይህ የአክሱም ጽዮን አለቃ መጠሪያ ነው። የደብሩም ስም ደብረ ጽዮን ሆነ። አክሱምን ጽዮን ያሰኘው ታላቅ ትረካ ያለው በክብረ ነገሥት ውስጥ ነውና፣ አዲስ ዓለም ላይ የምናየው አንድ መጽሐፍ በሸዋ ምድር ያቆመውን ደብር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን መጽሐፍ ማን ጻፈው? በመጨረሻው ገጽ ያለው ማስታወሻ ይስሐቅ የተባለ ሰው ይጠቅሳል፤ እርሱም የአክሱም ንቡረ እድ ነበር። ይስሐቅ ሥራውን ከዐረብኛ እንደ መለሰው፣ የዐረብኛውም ምንጭ ቅብጥ እንደ ነበር ይናገራል። ሊቃውንት ስለዚህ የዘር ሐረግ ዛሬም ይከራከራሉ፤ መጽሐፉ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ሆነ ግን በሰፊው ይስማማሉ። ማስታወሻው ሌላም ስም ይሰጠናል፤ የእንደርታውን ገዥ ያዕቢከ እግዚእን። ይህ መኰንን ኋላ በንጉሡ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ላይ ዐምፆአል። እርሱ በገዛበት አገር የተጻፈው መጽሐፍ ግን ለዐምደ ጽዮን ዘር የዙፋን ዋስትና ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትን ቅጂ ሲያስመልሱ፣ ያለዚህ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም የሚል መልእክት ነበር የላኩት። የ1923 ዓ.ም.ም ሆነ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ቆጥሯል። ክብረ ነገሥት ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አይደለም። ቢሆንም አንድ ጽሑፍ ቅዱስ ሆኖ ሲነበብ ኅብረተሰብን እስከ ምን ድረስ እንደሚያደራጅ ከእርሱ የተሻለ ማሳያ በአገራችን አላውቅም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስንጠይቅ ነገሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ይሆናል። አንዱ ወገን ኦሪት የሙሴ፣ መዝሙር የዳዊት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ከ18ኛውና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ተመራማሪዎች ተነሥቶ ኦሪት የብዙ ዘመናትና የብዙ እጆች ድርሰት ነው ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች መጻሕፍቱ ስለ አጻጻፋቸው የሚናገሩትን በበቂ አላዳመጡም። የኦሪት ዘዳግም መጨረሻ የሙሴን ሞት ይተርካል፤ የአይሁድ ሊቃውንት ይህን አይተው የመጨረሻዎቹን ስምንት ቁጥሮች ኢያሱ ጻፋቸው የሚል አስተያየት በታልሙድ መዝግበዋል። ኤርምያስ ይናገራል፣ ባሮክ ይጽፋል፤ ንጉሡ ኢዮአቄም ጥቅልሉን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ሲጨምረው ነቢዩ እንደገና ያስጽፋል፣ ባሮክም ሌላ ቃል ጨምሮ ይጽፋል። የሮሜን መልእክት የጳውሎስ እንለዋለን፤ መጨረሻው ላይ ግን ጤርጥዮስ የተባለው ጸሐፊ በገዛ አንደበቱ ሰላምታ ያቀርባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዕዝራ ሱቱኤል ነው። ብዙዎቹ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ይህን መጽሐፍ ከቀኖና ውጭ አድርገውታል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በ81ዱ ውስጥ ቆጥራ ጠብቃዋለች። በመጽሐፉ ትረካ ሕጉ በእሳት ጠፍቶአል፤ ሕዝቡ የሚመራበት የለውም። ዕዝራ አምስት ፈጣን ጸሐፊዎች ይዞ ይወጣል፣ ከተሰጠው ጽዋ ይጠጣል፣ ከዚያም አርባ ቀን ሙሉ ይናገራል፣ እነርሱም ይጽፋሉ። ቀን ይጽፋሉ፤ እህል የሚቀምሱት ሲመሽ ነው። ሥራው ሲያልቅ 94 መጻሕፍት ይሆናሉ፤ 24ቱ ለሁሉ እንዲነበቡ ይሰጣሉ፣ 70ው ለጠቢባን ብቻ ይቀመጣሉ። አስቡት፤ የእኛው ቀኖና ቅዱሳት መጻሕፍት ጠፍተው እንደገና በሰው እጅ መጻፋቸውን፣ ጸሐፊዎቹ መራባቸውንና መመገባቸውን፣ ከተጻፈውም የሚበዛው ከሕዝብ መሰወሩን ያለ አንዳች ሐፍረት ይተርካል። በዚህ መጽሐፍ ያደገ አማኝ የሰው እጅ ነክቶታል የሚለውን ጥናት የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

የብራና ጸሐፊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በግእዝ መጻሕፍት መጨረሻ በልማድ የሚጻፈው ጸሎት ምሕረትን የሚለምነው ለጻፈው ብቻ አይደለም፤ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ለሰማውም ነው። መጽሐፍ የኅብረት ሥራ መሆኑን ከዚህ በበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ንድፈ ሐሳብ አላገኘሁም። ብራናውን ቀርቦ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ወርዶ የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ ይደምቃል፤ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም በገባበት ቦታ ግን ቆዳው ሳስቶና ሻክሮ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የመጀመሪያው ባለቤት ስም በካራ ተፍቆ የኋለኛው ስም በሌላ እጅ ጽሕፈት ተተክቶበታል። መጽሐፉ የማን ነው የሚለው ክርክር እዚያው ቆዳው ላይ ታትሟል።

ወደ አምቦና ወደ ሜጫ ምድር ስንመጣ ጥያቄው ይከብዳል። በጌዶ አካባቢ ባለው የጉባኤ ስፍራ፣ በኦዳ ቢሲል፣ የሜጫ ኦሮሞ ሕጉን የደነገገው በቃል ነው። ትውፊቱ የሕጉን ታላቅ ደንጋጊ መኮ ቢሊ ይለዋል፤ ሕጉ በጉባኤ ይታወጃል፣ በትውልዶች ቃል ይጠበቃል፣ ቦኩ የተባለውን በትረ ሥልጣን በያዘ አባ ገዳ ፊት ይጸናል። እዚህ ጸሐፊ የለም፤ ሥልጣን ግን አለ። የምኒልክ መንግሥት አካባቢውን ሲያጠቃልል ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ሥሪቱ ጋር ገባች። መጽሐፉ የግእዝ ነበር፣ ማብራሪያው የአማርኛ፣ ሰሚው ግን የኦሮምኛ ተናጋሪ። የአንድምታ ሊቃውንት ሥራ ታላቅ ነው፤ ማን ተናገረው፣ ለማን ተነገረ፣ ስለ ምን የሚለውን እየጠየቁ ቃሉን በየመልኩ የሚፈቱ፣ ስማቸው ብዙ ጊዜ ያልተመዘገበ መምህራን ናቸው። ሆኖም የጊንጪ ወይም የጉደር ገበሬ ከዚህ ሁሉ ሀብት የሚደርሰው በዓሉ፣ ጾሙ፣ ግዝቱና የሰሞን መሬቱ ግብር ነበር። ሕይወቱን የሚያዝዘውን መጽሐፍ ቃል ግን አይሰማውም። አንድን ሕዝብ በማይሰማው ቋንቋ ማስተዳደር በደል ነው፤ ይህን የምለው ለመጻሕፍቱ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የኖረው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ነው። ኋላ ሩፎ ከተባለ ነጻ ከወጣ የኦሮሞ ወጣትና የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከጻፉት ከደብተራ ዘነብ ጋር የኦሮምኛ ትርጉሞች አዘጋጀ። ትልቁን ሥራ የፈጸሙት ግን ሁለት ተሸጠው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፣ በ1872 ሲጠመቅም ኦነሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚማልድለት ባሪያ ስም ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ስዊድን ተምሮ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ተቀመጠ። እጅግ ሕፃን ሳለ ከወገኑ ተለይቶ ነበርና የአገሩ ቋንቋ ሙሉ ሀብት አልነበረውም። ያን ሀብት ያመጣችው አስቴር ጋኖ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን ባሕር ኃይል ባሪያ ጫኝ መርከብ ይዞ ነጻ ካወጣቸው አንዷ ነበረች። 15,000 ያህል ቃላት ያሉበት መዝገበ ቃላት አጠናቀረች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 እምኩሉ ላይ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በግእዝ ፊደል ታተሙ።

ትርጉሙ ዛሬም የሚጠራው በኦነሲሞስ ስም ነው። የኤርምያስን መጽሐፍ የሚያነብ ባሮክን ያውቃል፣ የሮሜን መልእክት የሚያነብ ጤርጥዮስን ያገኛል፤ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው ሕዝብ ግን አስቴርን ሳያውቃት ብዙ ዘመን ኖረ። ለእኔ ይህ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ነው። የሴት ልጅ እጅ ያዋቀረው ቋንቋ በሚሊዮኖች አንደበት ሲጸለይበት ባለቤቷ በግርጌ ማስታወሻ መቅረቷ አግባብ አይደለም።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ በካህናት ተከሰሱ፣ ስብከታቸውም ተገደበ፤ ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ያረፉት ሰኔ 1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ነው። የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን የቆጠረው ሕገ መንግሥት የታወጀው በቀጣዩ ወር፣ በሐምሌ ነው። እ.ኤ.አ. የ1944 የሚሲዮን ዐዋጅም አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ሲያደርግ የኦሮምኛው መጽሐፍ በየቤቱና በየማኅበሩ የሚነበብ መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። ጥቅምት 1984 ዓ.ም. ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ ሲመረጥ ደግሞ ሌላ ስንጥቅ ተፈጠረ፦ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አያት በግእዝ ፊደል ያነበቡትን ኦሮምኛ የልጅ ልጅ በዚያ ፊደል ማንበብ ይሳነው ጀመር።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአምቦ በስተ ደቡብ በምትገኘው ወሊሶ፣ ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ቤተ ክርስቲያንን አናወጠ። ሲኖዶሱ ድርጊቱን የቀኖና ጥሰት ብሎ አወገዘ፤ ይህ ፍርድ የራሱ ጽኑ መሠረት አለው። ሿሚዎቹ ያነሡት ምክንያት ግን ምእመናን በቋንቋቸው አገልግሎት አላገኙም የሚል ነበር። የካቲት 8 ቀን የተደረሰው ስምምነት የሹመቱን ጥያቄ ወደ ቀኖናው መልሶ የቋንቋውንም ጥያቄ ተቀብሏል። ሁለቱን ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ማን ይሾማል የሚለው የሥልጣን ጉዳይ ነው፣ ማን ያነባል ማንስ ይሰማል የሚለው ግን ከብራናው ጸሎት ጀምሮ የመጽሐፉ የራሱ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ለምርምር የሚቀርበው መስክ ሰፊ ነው። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ያሉ አጥቢያዎች የያዟቸው ብራናዎች የመጨረሻ ገጾች፣ ያስጻፊዎቹ ስምና የተፋቁት ቦታዎች በተለያየ ብርሃን ፎቶግራፍ ተነሥተው ሊነበቡ ይችላሉ። በየማኅበሩ የቀሩት የ1899ኙ እትም ቅጂዎች ባዶ ገጾችም የባለቤቶቻቸውን የእጅ ጽሑፍ ይዘው ከሆነ፣ መጽሐፉን ማን እንዳነበበውና ለማን እንዳወረሰው የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። የኦዳ ቢሲልን ሕግ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ቃልም በድምፅ ተቀድቶ ከእነዚህ ጎን መቀመጥ ይኖርበታል።