ከጎግል ሪደር መዘጋት በኋላ፦ በዲላ የፊድ ማንበቢያ አመራረጥ

ፊድ የሚባለው አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር ርእሱን፣ ቀኑንና አድራሻውን ኮምፒዩተር በሚያነበው ቅርጽ የሚመዘግብበት ፋይል ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ በብዛት የሚታወቀው አርኤስኤስ ነው፤ የፊድ ማንበቢያ ደግሞ የብዙ ድረ ገጾችን ፊድ እየዞረ የሚሰበስብና ያልተነበበውን በአንድ ቦታ የሚያቀርብ መተግበሪያ ነው። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ጎግል ሪደር ፊድ ለሚከታተሉ ሰዎች ዋና መሣሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የመዘጋቱ ማስታወቂያ ወጥቶ በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ተዘጋ። ያን ጊዜ ተጠቃሚዎቹን ለመቀበል ከተዘጋጁት አንዱ የነበረው ዲግ ሪደርም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በመዘጋቱ፣ ወደ እርሱ የተሻገሩ ሰዎች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደገና ለመሰደድ ተገደዋል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ በጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በዲላ ተቀምጦ የዞኑን ጉዳይ የሚከታተል ተመራማሪ፣ ጋዜጠኛ ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የዩኔስኮን መግለጫ፣ የይርጋጨፌን ቡና ገበያ ወሬ፣ ስለ እንሰትና ስለ ጥምር ደን እርሻ የሚወጡ ጥናቶችንና የአዲስ አበባ ጋዜጦችን ጎን ለጎን ማየት አለበት። ምንጮቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ማሰባሰብ ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ የሙያ ሥራ በመሆኑ፣ ከማንበቢያው መልክ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዝርዝሩን መልሶ ይሰጥ እንደሆነ ነው። ኦፒኤምኤል የሚባለው ፋይል የምንጮቹን ስምና አድራሻ በአንድነት ይዞ ከአንዱ ማንበቢያ ወደ ሌላው የሚያሻግር በመሆኑ፣ ይህን ፋይል የማያወጣ አገልግሎት ሌላው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር ሊመረጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ፊዱን የሚሰበስበው ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጡበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ፊድ የድረ ገጹን ጽሑፍ ሁሉ አይይዝም፤ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕረስ፣ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፣ የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ስለሚያሳይ በቀን 20 ዜና የሚያወጣ ጋዜጣ የጠዋቱን ከማታ በፊት ከፊዱ ያስወጣዋል። ስለዚህ እንደ ፊደር በስልክ ላይ ወይም እንደ ተንደርበርድ በኮምፒዩተር ላይ የሚሰበስብ ማንበቢያ፣ መስመሩ ለሁለት ቀን ከተቋረጠ በመካከል የወጣውን ላያገኘው ይችላል። እንደ ኢኖሪደርና ፊድሊ ያሉት ግን በራሳቸው ሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን በሚሠራ ኮምፒዩተር፣ ስለሚሰበስቡ የአንባቢው መስመር ሲመለስ ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ሆኖም እነዚህም እንደ ጎግል ሪደር በባለቤታቸው ውሳኔ ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው፤ ከነጻው አገልግሎታቸው በላይ ለሚፈልግ ሰውም በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። አንድ ተቋም የራሱ ሰርቨር ካለው ፍሬሽአርኤስኤስን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር ተክሎ ሁለቱንም ችግር ማቃለል ይችላል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ማንበቢያው ጽሑፎችን በቃል የሚመርጥበትን ማጣሪያ መፈተንም ግድ ነው። የዞኑ ስም በጋዜጦች «ጌዴኦ»፣ «ጌዲዮ»፣ «ጌዴዖ» እየተባለ ሲጻፍ፣ ይርጋጨፌም አንዴ ተገጥሞ አንዴ ተለያይቶ ይታተማል፤ «የ»፣ «በ» እና «ከ» ደግሞ ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ። ሙሉ ቃልን ብቻ የሚያመሳስል ማጣሪያ «የጌዴኦ» የሚለውን እያለፈው ስለሚሄድ፣ የቃልን ክፍል የሚፈልግና ብዙ አጻጻፍ የሚቀበል መሆኑ ሳይረጋገጥ ሊታመን አይገባም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ የሚያወጡት መግለጫ በፊድ ስለማይመጣ እርሱን በሌላ መንገድ መከታተል ያስፈልጋል።

ከዚህ የተነሣ በዲላ ላለ ባለሙያ የሚሻለው ዕለታዊ ጋዜጦችን በሰርቨር ለሚሰበስብ ማንበቢያ ሰጥቶ፣ በወር አንዴም ሆነ ከዚያ ዘግይተው አዲስ ነገር የሚያወጡትን የጥናት መጽሔቶችና የቅርስ ተቋማት በስልኩ ላይ መከታተል ነው። የኦፒኤምኤሉን ፋይል በየወሩ አውጥቶ በፍላሽ ማስቀመጥን ግን አገልግሎቱ የመዘጋት ማስታወቂያ እስኪያወጣ ማንም አያቆየው።