የርካሽ ዕቃ ዋጋ ስንት ነው?

ባለፈው ሰሞን ቁምሳጥን ገዛሁ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ መስታወት፣ ከቺፑድ የተሠራ ነው። ሻጩ የጠራው ዋጋ አልተዋጠልኝም። እንደ ደንቡ ፊቴን አዙሬ ልሄድ ስል፣ እሱም እንደ ደንቡ «ኧረ ጋሼ ይመለሱ እንጂ!» አለኝ። ተከራክሬ ሁለት ሺህ ብር አስቀነስኩትና ትልቅ ገድል እንደፈጸመ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

ሂሳቡን ለመክፈል ወደ ጓሮ ስዘልቅ ግን ደረቴ ሟሸሸ። ከሱቁ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሌላ ቁምሳጥን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። የእንጨቱ ብናኝ ቅንድቡን ሳይቀር አመድ አስመስሎታል። አፍና አፍንጫውን በቁራጭ ጨርቅ ሸፍኗል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «አቋርጫለሁ» አለኝ። «ስንት ይከፍሉሃል?» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዋጥኩት። ለምን መሰላችሁ? መልሱ ካስቀነስኩት ሁለት ሺህ ብር ጋር እንዳይዛመድብኝ ፈርቼ ነው።

ቁምሳጥኑ ቤት ሲገባ ከስቶክሆልም ለእረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበር። የልጁን ነገር አጫወትኩት። «እኛ ጋ ይሄ የለም» አለኝ። «የቤት ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፣ ሰው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥመዋል። ርካሽ ነው። ሠራተኛውም በሕግ ነው የሚሠራው።»

እውነቱን ነው? ግማሹን አዎ።

የእህቴ ልጅ የሚያወራው ስለ ኢኬያ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «አይኪያ» ስለሚሉት የስዊድን ኩባንያ። ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ የ17 ዓመት ጎረምሳ እ.ኤ.አ. በ1943 ያቋቋመው ይህ ድርጅት የድሃውንም ቤት ዕቃ እንዲኖረው አድርጓል ቢባል ውሸት አይሆንም። በ1956 ጊሊስ ሉንድግሬን የተባለ የድርጅቱ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቅሎ ጫነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዕቃው እየተፈታ፣ በጠፍጣፋ ካርቶን እየታሸገ መሸጥ ሆነ። መኪናው አየር መጫኑን ተወ፣ መጋዘኑ ሰፋ፣ መገጣጠሙን ገዢው ራሱ ቻለው፣ ዋጋው ወረደ። እንዲህ ያለው ርካሽነት ከአእምሮ የተገኘ ነውና ማንንም አይጎዳም። እሰይ የሚያሰኝ ነው።

ግን ሌላም ዓይነት ርካሽነት አለ። ከሰው ጉሮሮ የሚገኝ። ክፉቱ፣ ዕቃው ሱቅ ውስጥ ሲደረደር ሁለቱ ርካሽነቶች አይለዩም። ዋጋቸው የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው።

የዚሁ ኩባንያ ታሪክ ይህንን ደህና አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊድን ቴሌቪዥን በፓኪስታን ሕፃናት ከምንጣፍ መሸመኛ ሥር ተቀምጠው ሲሠሩ አሳየ። ኩባንያው ደነገጠ፣ ከአቅራቢው ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። ውል ማቋረጥ ጥሩ ይመስላል። ዳሩ ግን ውሉ ሲቋረጥ የልጆቹ ቤት ረሃብ አብሮ አይቋረጥም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ነው። ይህን ኩባንያውም ቆይቶ የተረዳው ይመስላል፤ በኋላ ከሴቭ ዘ ቺልድረንና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በሕንድ የልጆቹን ትምህርትና የእናቶቻቸውን ዕዳ ወደ መመልከት ሄዷል። በ2000 ደግሞ አቅራቢዎች ሁሉ ሊያከብሩት የሚገባ የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። የሕፃናት ጉልበት፣ የግዳጅ ሥራ፣ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ጎበዝ፣ ደንብ መጻፍ መልካም ነው። ደንቡ የተጻፈ ዕለት ግን ያለፈው ዕዳ አይሰረዝም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለኢኬያ ዕቃ ያቀርቡ የነበሩ የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካዎች የፖለቲካ እስረኞችን ያሠሩ ነበር። «መንግሥት ይውረድ» ያለ ወይም ድንበር ልሻገር ሲል የተያዘ ሰው የሌላ አገር ሳሎን ዕቃ ሲሠራ ይውል ነበር ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ ያስጠናው የኧርነስት ኤንድ ያንግ ሪፖርት በ2012 ሲወጣ፣ ኃላፊዎቹ እስረኞች ሊሠሩበት እንደሚችሉ ያውቁ እንደነበርና የወሰዱት እርምጃም በቂ እንዳልነበረ ገለጸ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። የጀርመኑ ቅርንጫፍ ለተጎጂዎች መርጃ 6 ሚሊዮን ዩሮ እሰጣለሁ ያለው በ2024 ነው። ግንቡ ከፈረሰ በ35 ዓመቱ! ስንቱ እስረኛ ይህን ሳይሰማ አፈር ለበሰ?

«ያ የኮሚኒስት ጊዜ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ድርጅቱ በ2008 በቨርጂኒያ፣ ዳንቪል በምትባል ከተማ ፋብሪካ ከፈተ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2011 እንደጻፈው፣ በስዊድን ተመሳሳይ ፋብሪካ ውስጥ መነሻው በሰዓት 19 ዶላር ገደማ ሲሆን ዳንቪል 8 ዶላር ነበር። የእረፍቱም ቀን እንደዚያው አነሰ። ሠራተኞቹ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር 221 ለ69 በሆነ ድምፅ ማኅበር አቋቋሙ። ፋብሪካው በ2019 መጨረሻ ሲዘጋ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የጥሬ ዕቃ ዋጋ ነው።

በ2017 ደግሞ ቢቢሲ ዕቃውን በአውሮፓ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሾፌሮችን አናገረ። በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠሩ ናቸው። ወራት ሙሉ ጋቢና ውስጥ እያደሩ፣ መንገድ ዳር ምግባቸውን እያበሰሉ ይኖሩ ነበር። ዴንማርክ ውስጥ ሲሠራ የነበረ አንድ ሮማንያዊ በወር በአማካይ 477 ዩሮ ያገኝ ነበር፤ የዴንማርኩ ሾፌር 2,200 ገደማ። መንገዱ አንድ፣ ጭነቱ አንድ፣ ደመወዙ ሌላ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ግማሽ እውነት ያልኩት ለዚህ ነው። ስዊድን ውስጥ ሠራተኛው የተከበረው ኩባንያው ከሌላው የተለየ ቸር ስለሆነ አይደለም። ማኅበሩ ጠንካራ፣ ሕጉም የሚሠራ ስለሆነ ነው። ማኅበሩና ሕጉ በሳሳበት ቦታ ያው ኩባንያ፣ ያው መደርደሪያ፣ ደመወዙ ግን ይሳሳል። ከላይ ባነሳኋቸው ታሪኮች ውስጥ ልብ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ ካሜራ ወይም ጋዜጠኛ ይመጣል፣ መታረሙ ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራ ያልደረሰበት ጓሮስ?

ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። ሌላው የስዊድን ስመ ጥር ድርጅት ኤች ኤንድ ኤም ከኢትዮጵያ ልብስ ሲገዛ እንደነበር እናውቃለን። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ላይ ዝቅተኛው ተብሎ ተመዘገበ። የሚያሳፍረው ደግሞ «ጉልበታችን ርካሽ ነው፣ ኑ» ብለን ባለሀብት የጠራነው እኛው መሆናችን ነው። እኔ ሁለት ሺህ ብር አስቀነስኩ ብዬ ደረቴን እንደነፋሁት አገርም ነፍታለች።

ሕግ የለንም አንልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ ማሠራትም አይፈቅድም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋምም ጽፏል። ታዲያ አዋጁ በየትኛው በር ገብቶ የቆርቆሮዋን ክፍል ይመልከት? ሱቁ ፊት ለፊት ነው፣ ልጁ ጓሮ ነው። ተቆጣጣሪም ገዢም የምንቆመው ፊት ለፊት ነው።

ድሃ ገዢን ርካሽ ገዛህ ብሎ መውቀስ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳንቪል ይሠራ የነበረውም ሰው ቤቱ ያው ርካሽ መደርደሪያ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ግን ድሃ አልነበርኩም። ሁለት ሺሁ ባይቀነስም እገዛው ነበር። የተከራከርኩት መከራከር ልማድ ስለሆነብኝ ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ባለሱቁን በትህትና፣ «ያ ልጅ ለምን ትምህርት አይገባም? ጭንብልስ ለምን አትገዛለትም?» አልኩት። አልተቆጣኝም። መጋዙን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ ሁለት ሺህ ቀነሱ። እኔስ ከማን ልቀንስ?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ንገሩኝ።