የአዋሽ ነፋስና የቅጠል ቅመም

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቅጠል ማድረቅ ቀላል ይመስላል። ከተማው ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ነፋሱም ደረቅ ነው። በሶብላውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያሰጣ ሰው ቶሎ ይደርቅለታል፤ እጁ ላይ የሚቀረው ግን ገለባ ነው። የቅጠል ቅመም ዋጋው መዓዛው ነው፣ መዓዛው ደግሞ ቶሎ የሚተን ዘይት ነው። በጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በኮሰረት ውስጥ ሊናሎል የሚባሉት የዚህ ዘይት ክፍሎች ናቸው። ቀጥተኛ ፀሐይ ዘይቱን ያባክነዋል፣ አረንጓዴውንም ያገረጣዋል። ስለዚህ እኔ ሥራውን የምሰጠው ለነፋሱ ነው።

በሶብላውን ከነአበባው ጥቂት ጥቂት አድርጌ አስሬ፣ ዘቅዝቄ ጥላ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ኮሰረቱን ቀንጥቤ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጌ አሰጣዋለሁ። የጅቡቲ መንገድ አቧራ ስለማይጠፋ ስስ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። መድረሱን የሚነግረኝ ጣቴ ነው፦ ቅጠሉ ሲታሽ ተንኮሻኩሾ ይደቃል፣ ግንዱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ግንዱ ከተለመጠ ውስጡ እርጥበት አለ፤ እንዲህ ሆኖ ከታሸገ ይሻግታል። የሻገተ ቅመም ደግሞ ይጣላል እንጂ አይታጠብም፣ አይቆላም።

በዚህ ሙቀት የቅጠሉ ውለታ ይበልጥ የሚታየው ቅቤ ላይ ነው። ከሰኞ ገበያ የመጣውን ቅቤ በለስላሳ እሳት አቅልጬ አረፋውን እገፍፋለሁ፤ ከዚያ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ የተወቀጠ ኮረሪማና ጥቂት አብሽ እጨምራለሁ። መንጣጣቱ ጋብ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው። ያኔ ሳልዘገይ አውርጄ አጠለዋለሁ፤ ቅጠሉ ካረረ ቅቤው ይመራል። የውሃው መውጣት የቅቤውን ዕድሜ ያረዝማል፤ ኮሰረትም መበላሸቱን የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች አሉት።

ስለ ጤና ሲነሳ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጠል ሲደርቅ አብዛኛውን ቫይታሚን ሲ ያጣል። ትልቁ ጥቅሙ ጨው ማስቀነሱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፣ በሶብላ የገባበት ሽሮም በትንሽ ጨው ይጣፍጣል። የጦስኝ ሻይ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ወባ ባለበት በአዋሽ ሸለቆ ግን ትኩሳትን በሻይ ማስታመም ሕይወት ያስከፍላል፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ጤና አዳምን ለመድኃኒት ብላ አትጠጣ።

የደረቀውን በጠርሙስ ከድናችሁ፣ ከምድጃና ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡ፤ የምትወቅጡትም ለዕለቱ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ይሁን። ገበያ ስትወጡ የተፈጨውን ትታችሁ ቅጠሉን ግዙ። ቆንጥራችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹት፤ መዓዛ ካልሰጣችሁ አትግዙት።