ስሙ ለብቻው፣ ሥራው ለብቻው፤ ስለ ቦርላንድ ኩባንያ አወዳደቅ የቀረበ ሒስ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ባለቤቱ ቢያልፍም በሥራው ያተረፈው ስም ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ሥራው ዛሬም እየሠራ ስሙ አስቀድሞ የተቀበረበትን፣ ቦርላንድ የተባለውን የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ቦርላንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚገለገሉባቸውን መሣሪያዎች እየሠራ የሚሸጥ ቤት ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን እንድከታተል ያደረገኝ ትንሽ ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ፕሮግራም የጻፍኩት በትምህርት ቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው መሣሪያ፣ በሰማያዊ ገጽ ላይ በቢጫ ፊደል ነበር። በመክፈቻው ላይ የቦርላንድ ስም ተጽፎ ይታያል። ኋላ ግን የዚህ መሣሪያ ሠሪ ዛሬ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ባፈላልግ፣ በዚያ ስም የሚጠራ ኩባንያ አጣሁ። የጠየቅኋቸው ሰዎች «ማይክሮሶፍት አጠፋው» ብለው ባጭሩ መለሱልኝ። ይህ መልስ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት መስሎ ይታየኛል። ሌላውን ግማሽ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ቦርላንድ በ1983 በካሊፎርኒያ ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ ዋናው ፊሊፕ ካን የተባለ የፈረንሣይ ተወላጅ ሲሆን ባልደረቦቹ የዴንማርክ ሰዎች ነበሩ። ኩባንያውን ያስታወቀው በዚያው ዓመት የወጣው ቱርቦ ፓስካል ነው። ፓስካል ኒክላውስ ቪርት የተባሉት የስዊስ ሊቅ በ1970 ገደማ በተለይ ለማስተማሪያ እንዲሆን ያወጡት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለውን ቋንቋ ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚመልሰው መሣሪያ ኮምፓይለር ይባላል። በዚያ ዘመን የኮምፓይለር ዋጋ ብዙውን ጊዜ በመቶዎች በሚቈጠር ዶላር የሚነገር ነበር፤ አሠራሩም አድካሚ ነበር። ፕሮግራሙን በአንዱ መሣሪያ ጽፎ፣ በሌላው አስተርጕሞ፣ በሦስተኛው አያይዞ፣ ስሕተት ሲገኝ እንደ ገና ከመጀመሪያው መነሣት ያስፈልግ ነበር። አንደርስ ሃይልስበርግ የተባለው ወጣት ዴንማርካዊ የጻፈው ቱርቦ ፓስካል ግን መጻፊያውንና ተርጓሚውን በአንድነት የያዘ ነበር። ጽሑፉን በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ወዲያው ይተረጕማል፤ ስሕተት ሲያገኝም ጠቋሚውን ከስሕተቱ ቦታ ላይ ያቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ዋና ፋይል 40 ኪሎባይት አይሞላም ነበር። የዚህ ሁሉ ዋጋ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር።

ከዋጋው ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ ግን የፈቃዱ ውል ነው። ቦርላንድ ሶፍትዌሩን የገዛ ሰው እንደ መጽሐፍ እንዲቈጥረው ይነግረው ነበር። መጽሐፍን ለወዳጅ ማዋስ፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱ ቅጂ በአንድ ሰዓት በሁለት ቦታ ሊነበብ አይችልም። ሶፍትዌሩም በዚሁ ልክ እንዲያገለግል ነበር የተፈቀደው። ይህ ውል ገዢውን ነገ ሊሰርቅ እንደሚችል ሰው አድርጎ ሳይሆን እንደ ታማኝ አንባቢ አድርጎ የሚመለከት ነው። እንግዲህ የቦርላንድ ስም የተሠራው በማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። ዋጋው ከተማሪ አቅም እንዳይወጣ፣ የሠራተኛው ጊዜ እንዳይባክን፣ ገዢውም እንዲታመን የተገባ ቃል ነበር፤ ስሙም የዚህ ቃል ማኅተም ሆነ።

ኩባንያው ከበለጸገ በኋላ ሌሎችን መግዛት ጀመረ። በ1991 ዲቤዝ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ ይሸጥ የነበረውን አሽተን ቴትን ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ጠቀለለው። ነገር ግን ቦርላንድ አስቀድሞ ፓራዶክስ የተባለ የራሱ የመረጃ ማከማቻ ነበረው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ገበያ የሚሽቀዳደሙ ሁለት ዕቃዎች ተገኙ። በሌላ በኩል ደግሞ ሎተስ የተባለው ኩባንያ ኳትሮ የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም የእኔን የትእዛዝ ዝርዝር ቀድቷል ሲል በ1990 ከሶት ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1996 የዳኞቹ ድምፅ አራት ለአራት ስለ ተከፈለ፣ የበታቹ ፍርድ ቤት ለቦርላንድ የፈረደው ጸና። ይሁንና ኳትሮ ፕሮ በ1994 ለኖቬል ተሸጦ ነበር። ቦርላንድ ረታ፤ የረታበት ዕቃ ግን በእጁ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል ኩባንያው ዋና ሙያውን አልረሳም ነበር። በ1995 የወጣው ዴልፊ ለዊንዶውስ ፕሮግራም መሥራትን እጅግ ያቀለለ፣ የብዙዎችን ምስጋና ያገኘ መሣሪያ ነው። የዴልፊ ዋና ነዳፊ ግን ያው ሃይልስበርግ ነበር፤ እርሱም በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ። በ1997 ቦርላንድ ማይክሮሶፍት በ30 ወራት ውስጥ 34 ሠራተኞቼን ወስዶብኛል ሲል ክስ አቀረበ። ሃይልስበርግ ኋላ ሲ ሻርፕና ታይፕስክሪፕት የተባሉትን ቋንቋዎች ለማይክሮሶፍት የነደፈ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ ክሱ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ እንረዳለን።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ውሳኔ ግን ማንም ከውጭ ያስገደደው አይመስለኝም። በ1998 ኩባንያው ቦርላንድ መባልን ትቶ ኢንፕራይዝ ተባለ። አዲሱ ስም የትልልቅ ድርጅቶችን ሥራ ማስተባበር ከሚል ሐሳብ ተቈራርጦ የተቀነባበረ ነው። እዚህ ላይ ስሙ ለማን እንደሚናገር እንመርምር። በሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ስሕተቱን ለሚያርመው ፕሮግራም ጸሐፊ አይናገርም፤ የሚናገረው ውል ለሚፈርመው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቦርላንድን ያመነው ሰው ይህ ቤት ከእንግዲህ የማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ። ስሕተቱን ራሳቸው ባለቤቶቹም ያወቁት ይመስላል፤ ለጥቂት ጊዜ ኢንፕራይዝና ቦርላንድ የሚሉትን ሁለቱን ስሞች አጣምረው ከያዙ በኋላ በ2001 ወደ ቀድሞው ስም ተመለሱ። ነገር ግን ስም የሚመለሰው ቃሉም አብሮ ሲመለስ ነው። በኔ አስተያየት የተመለሰው ፊደሉ ብቻ ነበር።

ለዚህ ማስረጃው በ2006 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ኩባንያው ዴልፊንና ሌሎቹን የፕሮግራም መሥሪያዎች ለመሸጥ ማሰቡን አስታወቀ፤ በዚያው ጊዜ ሴጉ የተባለውን የሶፍትዌር መፈተኛ የሚሠራ ኩባንያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር ባላነሰ ዋጋ ገዛ። መሥሪያዎቹ መጀመሪያ ኮድጊር ወደሚባል ቅርንጫፍ ተለዩ፤ በ2008 ደግሞ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ለኤምባርካዴሮ ተሸጡ። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ንፍሮ መለወጡን ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሱ እንኳ ርቦት ነበር። በ2009 የቀረው ቦርላንድ ማይክሮ ፎከስ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሆነ።

የነገሩ እንቈቅልሽ እዚህ ላይ ነው። ስሙን የወሰደው ማይክሮ ፎከስ ኮምፓይለሩ የለውም፤ ኮምፓይለሩን የወሰደው ኤምባርካዴሮ ስሙ የለውም። ከዚያም ኤምባርካዴሮ በ2015 በአይዴራ ተገዛ፤ ማይክሮ ፎከስም በ2023 ኦፕን ቴክስት በተባለው የካናዳ ኩባንያ ተጠቀለለ። ስለዚህ ቦርላንድ በአንድ ቀን አልሞተም፤ የሞተበትን ቀን ጥቀስ ብባል ግን የምጠቅሰው 2009ን ሳይሆን ስሙንና ሥራውን አንድ አድርጎ መያዝ የተወበትን 1998ን ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ማለፍ አይገባኝም። ኮምፓይለር ሸጦ መኖር የማይቻልበት ዘመን መጥቶ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስንም የዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያዎችንም በአንድ እጁ ይዞ ነበር። በ2001 ደግሞ ኤክሊፕስ የተባለው መሥሪያ በነጻ ስለ ወጣ የቦርላንድ ጄቢልደር ገበያው ጠበበት። ስለዚህ ቦርላንድ ስሙን ባይለውጥም ይቸገር ነበር። ነገር ግን ገበያው የጠበበበትን ምክንያት መናገርና ኩባንያው የወሰደውን መንገድ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዴልፊ ከተሸጠ በኋላም አዳዲስ እትሞች እየወጡለት ነው፤ በ2018 ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች የሚሆን በነጻ የሚሰጥ እትም ወጥቶለታል። የማይረባ ተብሎ የተሸጠው ዕቃ ከሻጩ በላይ ዕድሜ ካገኘ፣ ጥፋቱ በዕቃው ነው ማለት አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የኢንተርቤዝ ታሪክ ነው። ኢንተርቤዝ በ1991 ከአሽተን ቴት ጋር አብሮ የመጣ የመረጃ ማከማቻ ነው። በ2000 ኩባንያው የዚህን ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ማንም እንዲያነበውና እንዲለውጠው ለሕዝብ ለቀቀው። ኋላ ኩባንያው አዳዲሶቹን እትሞች መልሶ ዘጋ፤ የተለቀቀውን ግን ሊመልሰው አልቻለም። ከዚያ ኮድ ፋየርበርድ የተባለ ማከማቻ ተወለደ፤ ዛሬም በፈቃደኞችና በባለሙያዎች ይጠበቃል። የፓስካል ቋንቋም ቢሆን ፍሪ ፓስካል በተባለው ነጻ ኮምፓይለር ይኖራል። እንግዲህ ከመሸጥና ከመለወጥ የዳነው በገንዘብ የተገዛው ሳይሆን ለሕዝብ የተሰጠው ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የምንማርባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በሩቅ አገር የተሠሩ፣ ባለቤታቸውም እኛ ሳንጠየቅ የሚለወጥ ናቸው። ስለዚህ አንድን መሣሪያ ለመማሪያ ወይም ለምርምር ስንመርጥ ሥራው ፈጣን ነውን ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃንም። ባለቤቱ ቢሸጥ የጻፍነው ይከፈታልን? ምንጩስ በማን እጅ ነው? ይህን ቤት የሠራው ቃል ዛሬም ይጠበቃልን? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። መምህራኖቻችንም የመሣሪያውን አጠቃቀም ሲያስተምሩን የባለቤትነቱን ታሪክ ቢጨምሩበት ትልቅ ጥቅም ይኖረዋል እላለሁ።

ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ዛሬም ይሠራ እንደ ሆነ አላውቅም። ቢሠራ ግን ሰማያዊው ገጽ ከመከፈቱ በፊት የሚያሳየው ስም ያው ነው። ያ ስም ለአንድ የገጠር ልጅ አንድ ጊዜ የገባውን ቃል ጠብቋል፤ የከሰረው ባለቤቱ ነው።